የትርንጎ መርዶ

ተቀምጣለች እህቴ፣ በበሩ ደፍ ላይ።

አንድ እግሯ ውጭ፣ አንድ እግሯ ቤት ውስጥ… ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ከአስፋልቱ ሳትነቅል። ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ ሲያልፍ ቀና ትላለች። ከወልድያ የሚመጣ ሲያልፍ ቀና ትላለች። አውቶቡሱ ሳይቆም ያልፋል። አንገቷም ቀስ ብሎ ይመለሳል።

እናታችንን ነው የምትጠብቀው።

እናታችን ሞታለች።

ይህን ከተማችን ውርጌሳ በሙሉ ያውቃል። አክስታችን እትዬ ፈንታዬ ታውቃለች። ዕድርተኛው ያውቃል። ከማዶ ሻይ የምትሸጠው ልጅ፣ መጥታ ሁለት ወር ያልሞላት፣ እሷ እንኳ ታውቃለች። የማታውቀው ትርንጎ ብቻ ናት። የደበቅኩባትም እኔ ነኝ፣ ወንድሟ፣ ደርበው ልብስ ሰፊው።

ሲመሻሽ ትጠይቀኛለች፣ ፊቷን ከመንገዱ ሳታዞር።

«እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?»

ገዳም ሄዳለች ብያታለሁ፣ ሩቅ ገዳም፣ ለሱባዔ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው ብያታለሁ።

ነገ ትመጣለች እላታለሁ።

ለእሷ ብዬ ነው…

ትርንጎ ዐረብ አገር ነበረች፣ ሰው ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ስድስት ዓመት። እማዬ ያረፈችው በጥቅምት ነው። ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወጋችን እንዲህ ነው። አቅፎ የሚያስለቅሳት የላትም፣ ብቻዋን ሰምታ ከፎቅ ብትወረወርስ አሉ ሽማግሌዎቹ። ስትመጣ በወጉ ትረዳለች አሉ። አትንገራት አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ቸኩዬ ነበር።

እማዬን አገናኘኝ ትለኛለች በስልክ። ተኝታለች እላለሁ።

እማዬን አገናኘኝ… ቤተ ክርስቲያን ናት እላለሁ።

እማዬን አገናኘኝ፣ ደርቤ፣ በሞቴ… ጉንፋን ይዟት ድምፅ የላትም እላለሁ። ድምፅ እንደሌላትስ እውነቴን ነበር።

ኋላ ኋላ ድምፅ እየቀዳች ትልክ ጀመር። እማዬ፣ ዛሬ ዝናብ ዘነበ፣ መስኮቱን ከፍቼ አሸተትኩት… እማዬ፣ ሕልም አየሁሽ፣ ፀጉሬን ስትሠሪኝ… እማዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ? ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ በእግሬ የስፌት መኪናውን እየረገጥኩ እሰማዋለሁ። ለእናቴ የተላከውን። ሰምቼ ስጨርስ አጠፋዋለሁ።

ለእሷ ብዬ ነው፣ እላለሁ ለራሴ። ደጋግሜ እለዋለሁ።

በስምንተኛው ወር አሠሪዎቿ መለሷት። እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ አቁማ፣ ከግድግዳ ጋር እያወራች ነበር የመለሷት። በሰኔ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል።

የምትመጣ ዕለት ጠዋት ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እትዬ ፈንታዬ ከሐይቅ ጥቁሯን ለብሳ መጥታ ነበርና ጥቁሩን አስወልቄ አረንጓዴ ቀሚስ አለበስኳት፣ ሌሊቱን የሰፋሁላትን። የራሴንም ጥቁር ሸሚዝ አወለቅኩ። የእማዬን ፎቶ ከግድግዳ አወረድኩ። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰውን ለመንኩ። ጥቁር ለብሳችሁ አትምጡብን። ነፍስ ይማር እንዳያመልጣችሁ። አሟታል፣ አትችለውም፣ ስትድን እንነግራታለን።

ስትድን እንነግራታለን!

ሰው ሁሉ እሺ አለኝ። ልበ ደግ ነው የሰፈሬ ሰው። ትርንጎ ስትገባ፣ እናታችሁ ወይዘሮ ዘርትሁን ደህና ናቸው ወይ ብለው በፊቷ የጠየቁኝ እንኳ ነበሩ። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልኳቸው፣ እኔው በመቃብሯ አፈር የመለስኩባት ልጇ። እትዬ ፈንታዬ በአረንጓዴ ቀሚሷ ወደ ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ትርንጎ ሻንጣዋን ሳትፈታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

በሩ ላይ ቀረች።

ሐምሌ በሩ ላይ አለፈ። ነሐሴ አለፈ። መስከረም ጠባ፣ እሷ እዚያው ናት።

አንድ ቀን ከደፉ ላይ ሆና እንዲህ አለችኝ።

«እማዬ እየጠራችኝ ነው።»

ምን አለችሽ? አልኳት።

«ስሜን ነው የምትጠራው። ትርንጎ ትላለች። ደግማ ትርንጎ ትላለች። አቤት ስላት አትሰማኝም።»

ሰው ሁሉ ልክፍት ነው አለ። ሰው ሁሉ ዓይነ ጥላ ነው አለ። እኔም ልክፍት ነው አልኩ። የማውቀውን ግን አላልኩም…

ይዣት ወጣሁ። ምን ያላደረግኩት አለ?

ጠበል ወሰድኳት፣ ሁለት ሱባዔ። በብርዱ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሰልፉ ጋር። ውሃው ራሷ ላይ ሲወርድባት እማዬ ብላ ጮኸች፤ ለቀቃት አሉ። አልለቀቃትም። ሆስፒታል ወሰድኳት። ክኒን ሰጧት፤ ተኛች፣ ተነሣች፣ አፏ ደረቀ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ከእንቅልፏ ስትነቃ እማዬ መጣች ወይ አለችኝ።

ጠበሉ ዘንድ ያሉት ሰዎች ክኒኑን ጣዪው፣ ከጠበል ጋር አይስማማም አሏት። ጣለችው። ሆስፒታል ያገኘነው ሰውዬ ጠበል ለጠበል መንከራተቱን ተዉት፣ በብርድ ትገድሏታላችሁ አለን። ተውነው። ደግሞ ታመመች። ደግሞ ጠበል። ደግሞ ክኒን። አንዱ በቀኝ እጇ፣ አንዱ በግራ እጇ… እህቴ መሃል ላይ እየተሳበች ከሳች።

ሲመሻሽ በሩ ላይ ትቀመጣለች።

ነገ ትመጣለች እላታለሁ።

ሲስተር ዘይነባን ያገኘኋት በኅዳር ነው። ከኛ ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከክትባት ክፍሉ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥተዋታል። የአእምሮ ሕሙማንን የምታክም እሷ ነበረች። አጭር ናት፣ ሻርፗ ሁልጊዜ ይንሸራተትባታል፣ ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። ትርንጎን አየቻት፣ የሆስፒታሉን ወረቀት አነበበች፣ እኔን አየችኝ።

«ለምንድን ነው የምታስመርጧት?» አለችኝ። «ትጠመቅም። ክኒኑንም ትዋጥ።»

በማግስቱ ከኔ ጋር ጠበሉ ድረስ መጣች። እስላም ናት፤ ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ የንስሐ አባታችንም ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ ሁሉንም አልሰማሁም። ሲሳሳቁ ግን ሰምቻለሁ። አባ ተነሥተው ትርንጎን ጠሩና ልጄ፣ ክኒኑን በጠበሉ ዋጪው፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክኒን የጣለችበት ቀን የለም። እንቅልፍ ትንሽ ትንሽ መጣላት። ፊቷ ላይ ሥጋ ታየ።

በሩን ግን አልተወችም።

ዘይነባ ቤታችን መጣች፣ በእግሯ፣ ነጭ ጋውኗን ሳትለብስ። ሰሌን ላይ ተቀመጠች። ውሃ ጠጣች። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ላይ ፎቶ ተሰቅሎ የነበረበትን ነጣ ያለ ቦታ አየች፣ የእትዬ ፈንታዬን አረንጓዴ ቀሚስ አየች፣ የኔን ፊት አየች። ለመሄድ ስትነሣ ደጅ ድረስ ሸኘኋት።

«እናታችሁ መቼ ነው የሞቱት?»

ማን ነገረሽ አላልኳትም። ዓመት ከአንድ ወር አልኳት።

«እሷስ መቼ አለቀሰች?»

ደፉ ላይ የተቀመጠችውን ትርንጎን አየሁ።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አብሽር ወንድሜ፣ አለችኝ፣ ይሄ የአንተ ብቻ አይደለም፣ እኛም ቤት እንዲሁ ነው የሚደረገው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ትርንጎ እንዳትሰማ፣ ነገረችኝ። በሽታው በሽታ ነው፣ ክኒኑም ይረዳታል። ግን ዙሪያዋን ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፣ እሷ ብቻዋን አታውቅም፤ ዓይናችሁን ታያለች፣ አፋችሁን ትሰማለች፣ አይገጥምላትም። ደህናውንም ሰው ያሳብዳል ይሄ አለችኝ።

«ለቅሶ በመርፌ አልሰጣትም» አለች። «የአገራችን ወግ አለ አይደል? በወጉ አርዷት። አስለቅሷት። እኔም እመጣለሁ።»

ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ? አልኳት።

«ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ።»

ሻርፗን አስተካክላ ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች። እማዬ ስሜን ትጠራለች ነው የምትለው አይደል አለችኝ። አዎ አልኩ። እናታችሁ ሲሞቱ ጠርተዋት ነበር ወይ አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ብዙ አልጠየቀችኝም። መርዶውን ሽማግሌ ይነግራታል፣ ያንን ግን አንተ ራስህ ትነግራታለህ አለችኝ።

እነግራታለሁ አልኩ።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ገና አለፈ። ጥምቀት አለፈ። ነገ እነግራታለሁ…

በመጨረሻ የመርዶው ቀን ተቆረጠ፤ ድንኳን ብንጠይቅ የዕድራችን ዳኛ ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም አሉ። ደንቡ ላይ የለም፣ ሆኖም አያውቅም። ለሞቱት ነው እንጂ ለታመመ ሰው ድንኳን አይወጣም አሉ። ጎረቤታችን አያ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እንግዲያው በኛ ዕድር በኩል ነው የሚለቀስላት አሉና የእስላሞቹን ዕድር ሸራ በጋሪ አስጭነው መጡ። ዘርትሁን ልጆቼ ሲታመሙ ስንቱን ሌሊት አብራ ያደረች ናት፣ ሸራ ይነሣት? አሉ። ዳኛው ይህን ጊዜ አፈሩ፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ላኩ።

የጥር ቅዳሜ ነበር። ሰማዩ ገና ሳይቀላ ነው መርዶ የሚነገረው።

ሰው በዝምታ መጣ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው። ለሰባት ወር የተደበቀው ጥቁር ሁሉ ወጣ በዚያ ጠዋት። እትዬ ፈንታዬ ጥቁሯን ለብሳ ስትመጣ ሳያት እንደ አዲስ እናቴ የሞተች መሰለኝ። የስፌት መኪናዬን ወደ ጓዳ አስገባሁ። የማደርገው ጠፋኝ። ፈራሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አባ ከፊት፣ አያ ሰይድ ከጎናቸው፣ ሌላው ከኋላ። ወደ በሩ ሄዱ። ትርንጎ ነቅታ ደፉ ላይ ነበረች።

አየቻቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው። ይህን ሰልፍ ያላየ የአገሬ ሰው የለም፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዝምታ፣ በዚያ አቋቋም ሰው ቤት የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው።

ተነሣች። ከሰባት ወር በኋላ ያለማንም ልመና ከደፉ ተነሣች።

«እማዬ ናት?» አለች።

«በርቺ ልጄ» አሉ አባ። «አዎ። እናትሽ አርፋለች።»

«መቼ?»

አባ መለሱላት፤ ወሩንም ቀኑንም ነገሯት።

ጣቷን አጥፋ ቆጠረች። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ… እንደ ሕፃን ልጅ ቆጠረች። ሲያልቅባት ሌላኛውን እጇን አወጣች። ከዚያ አንድ ድምፅ ወጣት፣ እኔ የሷ መሆኑን ያላወቅኩት፣ ሻይ ሻጯን ልጅ ከማዶ ያስሮጠ ድምፅ።

አለቀሰች እህቴ።

ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ከሴቶቹ እጅ እያመለጠች፣ መሬት ላይ እየወደቀች፣ እየተነሣች አለቀሰች። ሙሾ አውራጇ እማማ ደብሪቱ፣ ለእማዬ ቀብርም መጥተው የነበሩት፣ መሃል ገብተው ነጠላቸውን አገለደሙና አወረዱላት።

«ልጅ ባሕር ተሻግራ መጣች ተመልሳ፣
እናት ከዚህ ቅርብ ቀረች አፈር ለብሳ።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ወንዶቹ ተቀበሉ። የእናቱን ሞት የረሳ ሁሉ አስታውሶ አለቀሰ በዚያ ድንኳን። ዘይነባ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር፣ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት፣ የትርንጎ ጫማ እቅፏ ውስጥ። እሷም ታለቅሳለች። ግን በየመሃሉ የትርንጎን እጅ ይዛ የልብ ምቷን ትለካለች። ሰዓቱ ሲደርስ ክኒኑን ከኪሷ አውጥታ፣ ውሃ አስይዛ አዋጠቻት፤ ትርንጎ ዋጠችው፣ ለቅሶዋንም ቀጠለች።

እኩለ ቀን ሲሆን ትርንጎ እትዬ ፈንታዬ ጭን ላይ ተኛች። እስከ ማግስቱ ተኛች።

ስትነቃ በሩን አላየችም።

ሦስቱን ቀን ፍራሽ ላይ ተቀመጥን፣ ጎን ለጎን፣ ሁለታችን፣ የዘርትሁን ልጆች። የሚመጣው ሰው ፊታችን ቆሞ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። እግዜር ያጥናችሁ ይላል። ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቆነጥራል፣ ይሄዳል። እግዜር ያጥናችሁ… ትርንጎ አንገቷን ሰበር እያደረገች መልሱን ትሰጣለች። ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ዓይኗ አብጧል፣ ነገር ግን ዓይኗ ያያል። ሰውን ታያለች። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም፣ ደግሞም አልሸሸችኝም።

እሑድ ልነግራት ነበር። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ሰኞ ሠልስቱ ወጥቶ ሰው ሲሳሳ፣ ሸራው ሲፈታ፣ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ደርቤ፣ ስትሞት ምን አለች?»

ውሸቱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። በሰላም ተኛች… ምንም አላለች… ዓመት ሙሉ ዋሽቼ ምላሴ መንገዱን ያውቀዋል።

ጠራችሽ አልኳት።

ሦስት ቀን ጠራችሽ። ትርንጎን ደውልልኝ፣ ድምፅዋን አሰማኝ አለችኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሒሳብ ነበረው፣ ኔትወርክም ነበረው። አልደወልኩም።

«ለምን?»

ለአንቺ ብዬ ነው ልላት ከንፈሬን አላቀቅኩ። እንዳትደነግጪ፣ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ… ይህን ሁሉ ልላት። እያየችኝ ነበር። በዚያ ባበጠ ዓይኗ እያየችኝ ነበር።

ቀንቼ ነው አልኳት።

ስድስት ዓመት ከእማዬ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ። ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያዘልኳት፣ ያጎረስኳት፣ ከንፈሯን በጥጥ ያረጠብኩላት እኔ ነኝ። በነዚያ ሦስት ቀናት ትርንጎ አለች፣ ትርንጎ አለች፣ ትርንጎ አለች። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ደርበው አላለችም። እኔን አይታኝ ትርንጎ አለችኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። እስትንፋሷ እስኪቆም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከውጭ ሸራውን የሚያጥፉት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንዱ ገመዱን ያዝ ይላል። ሌላው ወዲህ በል ይላል።

ትርንጎ አልጮኸችም። ብትጮህ፣ ብትመታኝ፣ ፊቴን ብትቧጥጠው እላለሁ። ከዚያ እትዬ ፈንታዬን ጠራቻት፣ ካንቺ ጋር ሐይቅ እሄዳለሁ አለቻት። ክኒኗን ከመስኮቱ ላይ አነሣች፣ ቆጥባ ያስቀመጠቻትን የጠበል ጠርሙስ አነሣች፣ ጫማዋን አደረገች። ነጠላዋን አጣፋች።

ከፍራሹ ተነሥታ መጣችና ፊቴ ቆመች። አንገቷን ሰበር አደረገች።

«እግዜር ያጥናህ» አለችኝ።

ወጣች።

ይህን የሚለው ከሌላ ቤት የመጣ ሰው ነው። ለቅሶ ደርሶ፣ ንፍሮ ቆንጥሮ፣ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው። የአንድ እናት ልጆች እንዲህ አይባባሉም። ሐዘናቸው አንድ ነዋ፣ ማን ማንን ያጽናና?

ትርንጎ ደህና ናት። ሐይቅ ከእትዬ ፈንታዬ ጋር ትኖራለች። ክኒኗን አታቋርጥም፣ በወር አንድ ጊዜ ትጠመቃለች፣ ለእማዬ ስም በየወሩ ጧፍ ታበራለች። ስሟን የሚጠራው ድምፅ አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሲመጣ ቁጭ ብላ አልቅሳ ትነሣለች። ይህን ሁሉ የማውቀው ሲስተር ዘይነባ ነግራኝ ነው። ተሽሏታል። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

ተቀምጫለሁ እኔ፣ በበሩ ደፍ ላይ። አንድ እግሬ ውጭ፣ አንድ እግሬ ቤት ውስጥ… ከወልድያ የሚመጣው አውቶቡስ ሲያልፍ ቀና አልልም። ከደሴ የሚመጣው በሐይቅ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሱ ሲመጣ ቀና እላለሁ።

ትናንት ዘይነባ ከሥራ ስትመለስ አየችኝና ቆመች። ትርንጎ ትመጣለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መንገዱን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«አላውቅም፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ከጎኔም ተቀመጠች።